ነጎድጓድ ልጁን በፊልም ያየ ሰሞን

ነጎድጓድ የሚሉት በድምፁ ምክንያት እንዳይመስላችሁ። ድምፁም አያንስም፤ ስሙን ያወጣለት ግን እጁ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ቆርቆሮ ቀጥቅጧል። የተጋጨ በር፣ የተጨማደደ ኮፈን፣ የታጠፈ የጎማ መከለያ ፓራፋንጎ ያመጡለታል፤ እሱ ግራ እጁን ያነሳና ድው! ድው! ድው! እያደረገ ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ ይመልሰዋል። የመንገዱ ሰው ከእንቅልፉ የሚነሳው በሱ መዶሻ ነው። በዚያ ሰፈር የሚደውል ሰዓት የገዛ ካለ ሞኝ ነው።

ደግሞ ይሄ እጅ ቆርቆሮ ብቻ የመታ እንዳይመስላችሁ። ኧረ ተዉኝ! የመለዋወጫ ሻጩን አፍንጫ ሰብሯል። አንዱን የጭነት መኪና ሾፌር "ቀለሙ አልተመሳሰለም" ስላለው ብቻ በገዛ ኮፈኑ ላይ አስተኝቶ ደብድቦታል። ሁለት ጥርሱን ያወለቀለት ደንበኛ ደግሞ እስከ ዛሬ መኪናው በተጋጨ ቁጥር ወደሱ ነው የሚያመጣው። "ምን ላድርግ፣ የሱን ያህል የሚሠራ የለማ!" ይላል ምስኪን፣ በቀሩት ጥርሶቹ እየሳቀ።

ነጎድጓድ በዚህ አያፍርም። "እኔን ሰው ያደረገኝ ዱላ ነው" ይላል አፉን ሞልቶ። አባቱ ሲሞትበት፣ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ከትምህርት ቤት አውጥቶ ጋራዥ ያስገባው አጎቱ ነበር። አጎትየው ቆርቆሮ ሲጣመምበት በመዶሻ እጀታ ትከሻውን ይለዋል። አንድ ቀን የቀኝ ትከሻውን አጥንት ሰበረው። በማግስቱም "ግራህ አለ አይደል?" ብሎ ሥራ አስገባው። ቀኙ እስኪድን በግራው ለመደና በዚያው ግራኝ ሆኖ ቀረ። ይህን ሲያወራ እየሳቀ ነው። አጎቱ የሞተ ዕለት ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰውም እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ጠላቱም ይመሰክርለታል። የተጋጨ መኪና አንዴ ዞር ዞር ብሎ ካየ፣ ምቱ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደሆነ፣ ሾፌሩ ፍሬን ይዞ እንደነበርና እንዳልነበር ይነግራችኋል። የኢንሹራንስ መርማሪው ሲቸግረው እሱን ነው የሚጠራው። "ግንድ ነው የመታኝ ብሏል? ውሸታም! ይሄ ሌላ መኪና ነው፤ ከቀኝ መጥቶ ነው፤ አንዴ ከመታው በኋላ ወደ ኋላ ብሎ ደግሞታል" ይላል፤ ሲጣራም ልክ እሱ እንዳለው ሆኖ ይገኛል። ቀለምም እንደዚያው ነው። ከመንገድ ማዶ ቆሞ የትኛው በር የፋብሪካ ቀለም እንደያዘ፣ የትኛው ስቱኮ ተለጥፎበት እንደተቀባ ይለያል። ስቱኮ ማለት የተጎዳውን ቆርቆሮ በማቃናት ፈንታ በላዩ የሚለጠፍ ሊጥ ነገር ነው፤ ለነጎድጓድ የሌባ ሥራ ነው። አብሮት የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ሥራ ሲበዛበት ጣል ያደርግበታል። ስለዚህ ወንድሙን "ስቱኮ" ብሎ ጠራው፣ ሰፈሩም ተቀበለው፣ አሁን የገዛ ሚስቱ እንኳ ስቱኮ ነው የምትለው።

የነጎድጓድ የሆድ ውስጥ እሳት ልጁ ነበር። ያለው አንድ ልጅ ነው። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ፣ ፈተናው ሳይሆንለት ቀርቶ፣ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠ። ተቀመጠ ስል ተቀመጠ ነው። ጠዋት አርፍዶ ይነሳል፣ ሻይ ይጠጣል፣ መስኮት ላይ ይቆማል፣ ይወጣል፣ ይገባል። አባትየው "እንግዳው" አለው። "እንግዳው ተነሳ? እንግዳው በላ? ምነው አልጋ አልተመቸውም?" ይላል ባለፈ ባገደመ ቁጥር። ጋራዥ ግባ አለው፣ አልገባም። በአፉ ሲያቅተው በእጁ ሞከረ። በጥፊ ሞከረ፣ በቀበቶ ሞከረ። ልጁ ደግሞ አይጮህም፣ አይሸሽም፣ ተመትቶ ሲያበቃ ወደ መስኮቱ ይመለሳል። ነጎድጓድን የሚያሳብደው ይሄ ነበር። ቢጮህ፣ ቢሳደብ፣ ምነው በወንድነቱ ቢመታኝ ይል ነበር።

ታዲያ አንድ ሐሙስ፣ ምሳ ላይ፣ የልጁ እናት ወሬ አመጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቃል የምታወጣውም ክር እንደምትቆጥብ ሰው ነው። "ልጅህ ፊልም ሠርቷል" አለችው። "እሁድ ከሰዓት ወጣቶች ማዕከል ይታያል። ዋናው ተዋናይ እሱ ነው።"

"ማን? እንግዳው?"

"እሱ። የፋርማሲስቱ ልጅ ካሜራ ተውሳ ነው የሠራችው። ሲወጣ ሲገባ የነበረው ለካ እሷ ጋ ነው።"

"እስቲ ሙች!"

አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ተነስቶ ኮቱን ፈለገ። እሷ "ብቻ ግን መጀመሪያ ለብቻህ ብታየው..." ብላ ስትጀምር እሱ በሩ ጋ ደርሷል። ልጁ ሥራ ይዟል! ፊልም! ነጎድጓድ በዕድሜው ያየው ፊልም ሁለት ነው፤ ሁለቱም ላይ ዋናው ሰውዬ ከጣሪያ እየዘለለ ሃያ ሰው ይደበድባል። ሌላ ዓይነት ፊልም መኖሩንም አያውቅም። እናም ሐሙስና አርብ ሰፈሩን ዞሮ ሰው ጋበዘ። የመለዋወጫ ሻጩን፣ ብየዳ ሠራተኛውን፣ ቀለም ቀቢውን፣ የኢንሹራንስ መርማሪውን፣ የጋራዡን አከራይ፣ ጥርሱን ያወለቀለትን ሰውዬ ሳይቀር። "ኑ እዩልኝ ልጄ ሰው ሲደበድብ!" አላቸው። አሥራ አንድ ሰው ሰበሰበ። ይህን ስህተት እሱ ብቻ ነው የሚሠራው።

አዳራሹ የፕላስቲክ ወንበር የተደረደረበት፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደ ነው። ነጎድጓድ የጥፍሩን ግራሶ በቤንዚን አጥቦ፣ ኮቱን ግጥም አድርጎ፣ መጀመሪያው ረድፍ መሐል ጉብ አለ። እንግዶቹ ግራ ቀኙን ሞሉት። ስቱኮ ከኋላው ተቀመጠ። የልጁ እናት በሩ አጠገብ ቆመች። ልጁ ከፋርማሲስቱ ልጅ ጋር ጥግ ይዞ መሬት መሬት ያያል።

መብራት ጠፋ። ልጁ ግድግዳው ላይ ታየ፤ አልጋ ላይ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያ ያያል። "ያውላችሁ!" አለ ነጎድጓድ እያጨበጨበ። ልጁ ጣሪያውን ማየቱን ቀጠለ። ጣሪያው ላይ ዝንብ ትሄዳለች። ከጫፍ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች። "አሁን ይነሳል፣ ቆይ" አለው ለመለዋወጫ ሻጩ። እውነትም ተነሳ። ሄዶ መስኮት ላይ ቆመ።

እንዲህ ነው እንግዲህ የሚሄደው። ልጁ ፌርማታ ይቆማል፤ አውቶብስ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ አይገባም፣ በሩ ይዘጋል። ሁለተኛው ይመጣል። ሦስተኛው ይመጣል። ብርቱካን ይልጣል፤ ልጣጩ ሳይበጠስ እስኪያልቅ ካሜራው ንቅንቅ አይልም። የድሮ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሄዶ ደወል ሲደወል ይሰማል። ቅፅ ይዞ ይቀመጥና "የሥራ ሁኔታ" የሚለው ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።

ብየዳ ሠራተኛው ማንኮራፋት ጀመረ። ቀለም ቀቢው "ተበላሽቶ ቆሟል እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ከኋላ አንዲት ልጅ "እባካችሁ ዝም በሉ፣ እየገባን ነው" አለች። "ምኑ ነው የሚገባሽ፣ ምን አለ የሚገባ?" አለ አከራዩ። የኢንሹራንስ መርማሪው ግን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እየጠረገ "የኔም ልጅ ቁርጥ እንዲህ ነው" አለ ለራሱ። ነጎድጓድን ላብ አጠመቀው። እንግዶቹ ፊት ተዋረደ። "ይሄንማ ቤቴ በየቀኑ በነፃ አያለሁ!" አለ ጮክ ብሎ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጥግ የቆመው ልጅ አልሳቀም።

ከዚያ ፊልሙ ላይ ልጁ ወደ ቤት ገባ። ካሜራው ውጪ ቀረ። በሩ ተዘጋ፤ ወንበር ሲወድቅ ተሰማ፤ ሌላ ምንም። ቀጥሎ የልጁ ፊት መስታወት ውስጥ መጣ። ቀኝ ጉንጩ አብጧል፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ካሜራው እዚያው ቆመ። ልጁ ያያል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ።

ነጎድጓድ ዓይኑን ከዚያ ፊት ሊያነሳ ፈልጎ አልቻለም። የሠላሳ ስምንት ዓመት ልማድ ነው፤ የተመታ ነገር ካየ ያነበዋል። ከላይ ወደ ታች ነው የመጣው፣ ስለዚህ መቺው ረጅም ነው። ፊት ለፊት ቆሞ ቀኝ ጉንጭ መትቷል፣ ስለዚህ ግራኝ ነው። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ ነው። ሁለተኛው ያበጠው ላይ ነው ያረፈው፤ ልጁ አልዞረም፣ እጁን አላነሳም ማለት ነው። የመጀመሪያው የንዴት ነው። ሁለተኛው ግን ተለክቶ ነው። ይሄኔ ቀኑ ራሱ መጣበት። ከአምስት ወር በፊት፣ አዲስ ቱታ ገዝቶ አምጥቶለት፣ ልጁ "አልለብሰውም አባዬ" ያለው ዕለት። ነጎድጓድ ወንበሩ ላይ ክው አለ። አራት ደቂቃ ሙሉ ያንን ፊት አየ።

መብራት በራ። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ አዛጋ። የፋርማሲስቱ ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ "ጥያቄ ወይም አስተያየት..." ከማለቷ ጭቅጭቁ ፈነዳ።

"አስተያየት አለኝ" አለ አከራዩ። "ፊልሙ መቼ ነው የሚጀምረው?"

"አንተ ሰውዬ የሰው ቁስል አይገባህም!" አለው የኢንሹራንስ መርማሪው።

"የምን ቁስል? ጤነኛ ልጅ አልጋ ላይ ተጋድሞ! አካፋ አስይዞ መላክ ነው!"

"ልክ ነው! እንዲህ ዓይነቱን መጠፍጠፍ ነው!" አለ ከኋላ አንዱ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች፣ በነጭ ጋውኗ ላይ ሹራብ የደረበች የጤና ጣቢያ ነርስ እጇን አወጣች። "እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ፊቱ ላይ ያለውን ሜካፕ ማን ነው የሠራው?"

የፋርማሲስቱ ልጅ ወደ ልጁ አየች።

"ቀለም ነው!" ብሎ ተነሳ ነጎድጓድ። ማንም ሳይጠይቀው። "ቀለም ነው! ምን ያጠያይቃል? ፊልም አይደል? ቀብተውት ነው!"

"ጋሼ፣ ተቀመጥ" አለው ስቱኮ ከኋላው።

"አልቀመጥም! ቀለም ነው አልኩ!"

"አንተ ነህ ይህን የምትል?" ስቱኮ ተነሳ። በአርባ አምስት ዓመቱ ታላቁን ሲቃወም የመጀመሪያው ነው። "ከመንገድ ማዶ ቆመህ የተቀባ በር የምትለየው ሰውዬ? አይተኸዋል እኮ ጋሼ፤ አንገትህን ከኋላ ሳየው ነበር። ግራ እጅ ነው። ከላይ ነው። ሁለቴ ነው። አንተ አስተምረኸኝ ነው የማውቀው!"

የአዳራሹ ሰው በሙሉ የነጎድጓድን ግራ እጅ አየ። እጁ ወንበር ይዟል። ወንበሩ በረረ። ስቱኮን ስቶ አከራዩን አገኘው። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደመታ የሚያውቅ የለም። ነጎድጓድ ረድፉን ረግጦ ወንድሙ ላይ ወጣበት፣ በቡጢ አፉን አለው፤ ስቱኮ ደሙን ተፍቶ በጭንቅላቱ ደረቱን መታው። ብየዳ ሠራተኛው ከእንቅልፉ ባንኖ አጠገቡ ያገኘውን ሰው በጥፊ አጮለ። ጥርሱን ያጣው ደንበኛ፣ ስንት ዓመት የቋጠረውን ቂም እንግዲህ፣ ነጎድጓድን ከኋላ አንቆ ተንጠለጠለበት። መጋረጃው ወረደ፣ ፀሐይ ገባ፤ ሰዉ በቀን ብርሃን ሲደባደብ ተያየና አፍሮ ተላቀቀ። ነጎድጓድ ኮቱ ተቀድዶ "ልጄስ?" አለ። ልጁ የለም። ከስቱኮ ጋር ወጥቷል።

ቤት ሲገባ የልጁ እናት የልጁን ልብስ እያጣጠፈች ሻንጣ ትሞላለች። "ወንድምህ ጋ ነው የሚያድረው" አለችው።

"ማን ፈቅዶ?"

"እኔ።"

ቁምሳጥኑን በቡጢ መታው፣ ጣውላው ተሰነጠቀ። እሷ ሸሚዝ ማጠፏን አላቋረጠችም። "ለብቻህ እየው ብዬህ ነበር" አለች። "እንድታፍር አልነበረም የፈለግኩት። እንድታየው ነው።"

ሰኞ ጠዋት ጋራዡ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ጠበቀው። ቀለም ቀቢው "ዘጠና ደቂቃ ዕድሜዬን በሉኝ" ይላል። ብየዳ ሠራተኛው፣ እሱ እንኳ የተኛው፣ "እኔ እኮ ከነቃሁ በኋላ ሳስበው ጥሩ ነው" ይላል። ነጎድጓድ ሲገባ ሁሉም ወደየሥራቸው ዞሩ። ማንንም ሳያናግር ከአንድ ነጭ መኪና ፊት ተንበርክኮ የተጨማደደ ፓራፋንጎ መቀጥቀጥ ጀመረ። መዶሻው ልክ አጣ። ያቃናው ቦታ መልሶ ጎደጎደ። ቆሽቱ አረረ።

በዚህ መሐል ስቱኮ መጣ፣ ከንፈሩ አብጦ። ልጁ ከጎኑ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ና ሲሉት ያልመጣ ልጅ፣ በገዛ እግሩ ጋራዡን ረገጠ።

ነጎድጓድ ቀና አለ። "ቤት ግባ" አለው።

"ይገባል" አለ ስቱኮ። "አንድ ነገር ብቻ በልለት። ቀለም አይደለም በል። ሰው ፊት ውሸታም አድርገኸዋል፤ ሰው ፊት አንሳለት።"

"አንተን ማን ጠየቀህ? ልጄ ነው!"

"ወንድሜም ነህ አንተ፤ እኔም እጅህን አውቀዋለሁ።"

"ሰነፍ ነው!" ጮኸ ነጎድጓድ። "ፊልም ብሎ ስንፍናውን ለሰው አሳየ! አባቱን ሸጠ! ዝንብ ሲያይ ውሎ ሲያበቃ እኔን ጨካኝ አደረገኝ! እኔ ባልመታው ምን ይሆን ነበር?"

"ምን ሆንኩ ታዲያ?" አለ ልጁ።

ቀስ ብሎ ነው ያለው። ወደ መኪናው ጠጋ ብሎ ፓራፋንጎው አጠገብ ቆመ፣ ከአባቱ አንድ ክንድ ርቆ። "አልሸጥኩህም አባዬ። እሷ ፊትህ ይዳን ብላ ልታቆመው ነበር፣ እኔ ነኝ ቅረጪው ያልኳት። አንተ ስትመታኝ ታየኛለህ፣ ከመታኸኝ በኋላ ግን አይተኸኝ አታውቅም፤ ትወጣለህ። አራት ደቂቃ ሙሉ ያየኸኝ ትናንት ብቻ ነው።"

እንዴት እንደሆነ ነጎድጓድ ኋላም ሊያስረዳ አልቻለም። ደሙ ወደ ራሱ ወጣ፣ ዓይኑ ጨለመ፣ ግራ እጁ ተነሳ። መዶሻው ውስጡ አለ። ልጁ እንደ ልማዱ ንቅንቅ አላለም። ስቱኮ "ኧረ ጋሼ!" ብሎ እጁን በመሐል ሲሰድ መዶሻው ወረደ። ድው አላለም፤ ሌላ ድምፅ ነው ያወጣው። የስቱኮ ቀኝ እጅ በመዶሻውና በቆርቆሮው መሐል ቀረ።

ስቱኮ እጁን አይቶ፣ ወንድሙን አይቶ፣ ከዚያ ነው መሬት ላይ የተቀመጠው። ሦስት ጣት ተሰባብሯል፤ የአንዱ አጥንት ነጭ ሆኖ ወጥቷል። ደሙ ነጩን ቆርቆሮ ይዞ ወረደ። ልጁ ሸሚዙን አውልቆ ጠቀለለለት፤ ነጎድጓድ መዶሻውን እንደያዘ ቆሟል። "ጣለው!" ብሎ ጮኸበት ልጁ። በዕድሜው አባቱ ላይ ሲጮህ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ጣለው።

ያንኑ የተጋጨ መኪና አስነስተው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ነጎድጓድ ነው የነዳው፤ እንባው መንገዱን ሲጋርድበት በክንዱ ይጠርጋል። ከኋላ ስቱኮ ይቃትታል፣ ልጁ "አይዞህ አጎቴ፣ ደረስን" ይላል።

የተቀበለቻቸው ያቺው ነርስ ናት። ሦስቱንም አወቀቻቸው፣ ፊቷ ግን ምንም አላሳየም። ሸሚዙን ፈታች፣ አጠበች፣ መርፌ ወጋች፣ ወደ ሆስፒታል የሚልከውን ቅፅ አወጣች። "ምን ሆነው ነው?" አለች።

"የመኪና በር ተዘጋብኝ" አለ ስቱኮ።

እንዲህ ፈጥኖ። ሳያስብ። ጥርሱን በሕመም ነክሶ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ የወንድሙን ጉድ ሸፈነ። ነጎድጓድ ግድግዳው ተደግፎ ሰማው። ያኔ ነው ነገሩ ሆዱ ውስጥ የገባው። እንደዚህ ፈጥኖ የሚወጣ ውሸት የዛሬ አይደለም፤ የለመደ ነው። የልጁ እናትም ለአስተማሪዎቹ "ከደረጃ ወደቀ" ትል ነበር። ቤታቸው ደረጃ የለውም። ስንት ሰው ነው ስንት ዓመት ሙሉ ለሱ ሲዋሽለት የኖረ? እሱ ስቱኮ መለጠፍ የሌባ ሥራ ነው ሲል፣ የገዛ ቤተሰቡ ስንት ስቱኮ ለጥፎለታል? አፈረ። ከአዳራሹ ይልቅ እዚህ፣ አራት ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

"በር አይደለም" አለ። "መዶሻ ነው። እኔ ነኝ።"

"ጋሼ፣ ተው" አለ ስቱኮ።

"ዝም በል አንተ። እኔ ነኝ ሲስተር።"

ነርሷ እስክሪብቶውን አነሳች። "ሆን ብለው ነው?"

"ለሱ አልነበረም።"

"ለማን ነበር?"

ቆርቆሮውን ነበር ሊል ነበር። ምላሱ ላይ ደርሷል። ልጁ በሩ ጋ በካኔቴራ ቆሟል፣ የአጎቱ ደም እስከ ክርኑ ደርቆበታል። "አላውቅም" አለ ነጎድጓድ። ቀጥሎ ደግሞ፣ "አውቃለሁ። ለልጁ ነበር።"

ነርሷ ጻፈች። "ይሄ ለፖሊስ ይሄዳል፣ ይወቁት።"

"ይሂድ።"

"ትናንት ያየነውስ?"

"ቀለም አይደለም። እኔ ነኝ።" አሁን ድምፁ ነጎድጓድ አይባልም፤ ለመስማት ጠጋ ማለት ይፈልጋል። "ያየሽው ትንሹን ነው።"

ነርሷ የቅፁን ገጽ ገለበጠች። ከዚያ ጠየቀችው፣ ማንኛውንም በሽተኛ እንደምትጠይቅ፣ ቅፁን እያየች፦ "ልጁን መምታት ሲጀምሩ ዕድሜው ስንት ነበር?"

ነጎድጓድ አሰበ። በእውነት አሰበ። አንድ ገና ያልደረቀ ቀለም ነበር፣ የደንበኛ መኪና፣ በሩ ላይ የትንሽ እጅ አሻራ፤ ልጁ ሮጦ ሊያሳየው ሲመጣ እጁ ሰማያዊ ነው። ያንን ዕለት ያስታውሰዋል።

"አራት" አለ። "አራት ዓመቱ ነበር።"

"ሦስት" አለ ልጁ ከበሩ።

ሁሉም ዞሩ።

"ሦስት ነበርኩ። ሻይህን ደፍቼብህ። እማዬ ናት የነገረችኝ፤ አንተ አታስታውሰውም።"

ነጎድጓድ ልጁን አየው። ዓይኑን ከልጁ ላይ አላነሳም። ሊያስታውስ ሞከረ፤ ሻዩን፣ ብርጭቆውን፣ የሦስት ዓመት ልጅ ፊት። ምንም አልመጣለትም።

ወደ ነርሷ ዞረ። "ሦስት ብለሽ ጻፊ" አለ።